አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ፤ የአደራው መጽሐፍ ጠባቂ

ገዳም በድንጋይና በኖራ ብቻ አይቆምም። ቦታውን የሚገዛ ንጉሥ፣ ግንቡን የሚያነሣ ግንበኛ፣ ዕጣኑን የሚያጥን ካህን፣ ውሃውን የሚቀዳ ረድእ ሁሉም በየድርሻው ያቆመዋል። ከእነዚህም ጋራ አሮጌ ብራና ገልጦ፣ የአንዱን ቃል ሥር ከሌላው ቃል ሥር ጋራ እያስተያየ ዕድሜውን የሚጨርስ ሊቅ አለ። የዚህ ሰው ድካም ከውጭ ለሚያይ አይታይም፤ ምክንያቱም የሠራው ግንብ በሰው አእምሮ ውስጥ የሚቆም ነውና። በኢየሩሳሌም ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት መካከል እንዲህ ያለውን ግንብ ካቆሙት አንዱ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው።

አለቃ ኪዳነ ወልድ የሸዋ ተወላጅ ናቸው። በተወለዱበት ዘመን ሊቅ ለመባል የሚወጣው ዳገት ረዥም ነበር። ሕፃኑ ከፊደል ተነሥቶ ንባቡን፣ ዳዊቱን ይደግማል፤ ከዚያም ቀለሙን በዜማ ቤት፣ ምሥጢሩን በቅኔ ቤት ይፈልጋል፤ ግስ ያወርዳል፤ አገባብ ይቀጽላል። በመጨረሻም ከትርጓሜ መጻሕፍት ቤት ገብቶ ከብሉይና ከሐዲስ፣ ከሊቃውንትና ከመጻሕፍተ መነኰሳት በአንዱ ወይም በሁሉም ወንበር ይተክላል። ተማሪው ኰቸሮ ለምኖ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ከደብር ወደ ደብር ሲዞር ያገኘው ሁሉ በቃሉ የያዘው ነበር እንጂ በወረቀት የሰፈረ አልነበረም። መምህሩ ሲያርፍ በደቀ መዝሙሩ አፍ ያልገባው ሁሉ አብሮ ወደ መቃብር ይወርዳል። የአለቃ ኪዳነ ወልድን ሕይወት ለማስተዋል የሚሻ ሁሉ ይህን ነገር አስቀድሞ ሊያስበው ይገባል፤ የዕድሜ ልክ ሥራቸው በቃል የኖረው ዕውቀት ከመቃብር በፊት በመጽሐፍ እንዲቀመጥ ማድረግ ነበርና።

ገና ወጣት ሳሉ ወደ ኢየሩሳሌም ተሻገሩ። በዚያ ዘመን ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የሚነሣ ሰው በረሓውን አቋርጦ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በግብፅ በኩል ወደ ኢዮጴ ወደብ ይደርስ ነበር። ብዙዎች በመንገድ ይቀራሉ፤ ከደረሱትም ብዙዎቹ የጌታን መቃብር ተሳልመው ይመለሳሉ፤ ጥቂቶች ግን ዐጽማቸው በዚያው እንዲያርፍ ወደው ይቀመጣሉ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ከሚቀመጡት ሆኑ፤ ሠላሳ ዓመት ያህልም በቅድስት ሀገር ኖሩ።

የኢትዮጵያውያን ማኅበር በኢየሩሳሌም በዚያን ጊዜ ከረዥም መከራ ገና ቀና ማለት የጀመረበት ወቅት ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1838 ዓ. ም. በከተማው ወረርሽኝ ገብቶ በዴር ሡልጣን የነበሩት መነኰሳት ከጥቂቶች በቀር አለቁ። በሽታው ያስተላልፋል ተብሎም መጻሕፍታቸው በእሳት ተቃጠሉ። ከጸሎት መጻሕፍቱ ጋራ የይዞታ ማስረጃ የሆኑ ጽሑፎችም እንደ ጠፉ በማኅበሩ ዘንድ ሲነገር ኖሯል። ከዚያ በኋላ በመጣው ክርክር ሁሉ ማኅበሩ የሰነድ ድህነት ሲያስጨንቀው ኖረ። መጽሐፍ ማጣት የዕውቀት ማጣት ብቻ ሳይሆን የርስት ማጣትም እንደሚሆን በዓለም ካሉት ማኅበራት ይልቅ የኢየሩሳሌም ኢትዮጵያውያን በመራራ ትምህርት ተምረውታል።

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከከተማው በስተ ምዕራብ ቦታ አስገዝተው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን አስጀመሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በመተማ ከወደቁ በኋላም ሥራው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ተፈጸመ። በክብ አሠራርዋና በጕልላትዋ የሀገርዋን ቤተ ክርስቲያን የምትመስለው ይህች ደብር ለተበተነው ማኅበር መሰብሰቢያ ሆነችለት። ከሀገር የሚመጡ የብራና መጻሕፍትም ተጠራቅመው የሚቀመጡበት ስፍራ ተገኘ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1900 ገደማ ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን ወደ ኢየሩሳሌም መጥቶ በዚያ ያሉትን የግእዝ የብራና መጻሕፍት ተመልክቶ ስለ እነርሱ መጻፉ፣ እሳት ባጠፋው ስፍራ መጻሕፍት እንደ ገና መሰብሰባቸውን ያሳያል።

አለቃ ኪዳነ ወልድ በኢየሩሳሌም ካገኙት ሀብት ሁሉ የበለጠው መምህራቸው መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ። የአባታቸው ስም ክፍሌ፣ የመምህራቸውም ስም ክፍለ ጊዮርጊስ በመሆኑ አንዳንድ አንባቢ ሁለቱን ያሳስታል፤ ነገር ግን አንደኛው የሥጋ አባት፣ ሁለተኛው የትምህርት አባት ናቸው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ በሀገራቸው ትምህርት የበሰሉ፣ ባሕር ተሻግረውም በሮም የኖሩ ሊቅ ነበሩ። በዚያም ከኢጣልያዊው ሊቅ ከኢኛስዮ ጊዲ ጋራ ሠርተዋል። ጊዲ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1901 ያሳተመው የአማርኛና የኢጣልያንኛ መዝገበ ቃላት ከእርሳቸው ዕውቀት ብዙ የተቀዳ ነው። ሁለት መቶ አምሳ ዓመት ያህል ከዚያ አስቀድሞ አባ ጎርጎርዮስ ለኢዮብ ሉዶልፍ እንዲሁ አድርገው ነበር፤ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ያላቸውን ሳይሰስቱ ሰጥተዋል፤ መጽሐፉ ግን በባዕድ ቋንቋ እየተፈታ ለባዕድ አንባቢ ይወጣ ነበር።

ይህ ነገር መምህር ክፍለ ጊዮርጊስን ሳያሳስባቸው አልቀረም። የግእዝ መዝገበ ቃላት በአውሮፓ ከታተመ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር። ያዕቆብ ዌመርስ በ1638 በሮም፣ ሉዶልፍ በ1661፣ አውግስጦስ ዲልማን በ1865፣ ሁሉም በአውሮፓ አቈጣጠር፣ መዝገበ ቃላቸውን አውጥተዋል። የዲልማን ሥራ እስከ ዛሬም ድረስ ሊቃውንት የሚደገፉበት ታላቅ መጽሐፍ ነው። ነገር ግን ፍችው በላቲን ስለሆነ በጎጃም ወይም በሸዋ ቅኔ ቤት ያለ ተማሪ ቢያገኘውም ሊጠቀምበት አይችልም። ኢትዮጵያዊው ተማሪ የነበረው ሰዋስው የሚባለው በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ሰዋስው ማለት መሰላል ማለት ነው፤ ስሙም በ13ኛው ምዕት የቅብጥ ሊቃውንት በዐረብኛ መሰላል ብለው ከሰየሟቸው የቋንቋ መጻሕፍት ጋራ ይዛመዳል። በዚህ መጽሐፍ የግእዙ ቃል በአማርኛ ይፈታል፤ ሆኖም ቃላቱ በብዙው በየመጽሐፉ ተራ ወይም በየነገሩ ክፍል የተሰበሰቡ ስለሆኑ አንድ ቃል ፈልጎ ለማግኘት መጽሐፉን በቃል ማወቅ ያስፈልግ ነበር። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የአውሮፓን ሥርዐት አይተው፣ የሀገራቸውንም ዕውቀት ይዘው፣ ንባቡ በግእዝ ፍችው በአማርኛ የሆነ ሙሉ መዝገበ ቃላት ጀመሩ።

ደቀ መዝሙሩ በመምህሩ እግር ሥር ሲቀመጥ ኢየሩሳሌም ራስዋ ሌላ ትምህርት ቤት ሆነችለት። በዚያች ከተማ በአንድ ቀን መንገድ ብቻ የሄደ ሰው አይሁድ ኦሪትን በዕብራይስጥ ሲያነቡ፣ ሱርያውያን በማርቆስ ገዳማቸው በሱርስት ሲቀድሱ፣ ሌሎቹም ክርስቲያኖች በዐረብኛ ሲጸልዩ ይሰማል። በግእዝ ብቻ ሲያጠኑት ብቸኛ መስሎ የሚታየው ቃል ወንድሞቹና እኅቶቹ በየአደባባዩ ሲጠሩ ይገኛል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ዕብራይስጥና ሱርስት፣ ዐረብኛም ተምረው የግእዝን ግስ ከእነዚህ ቋንቋዎች ጋራ ማስተያየት ያዙ። በሀገር ቤት የነበረው ሊቅ ትርጓሜውን ከመምህሩ ይቀበል ነበር፤ እርሳቸው ግን መምህራቸው የነገሯቸውን ተቀብለው ደግሞ ቃሉን ወደ ምንጩ ወስደው ይመዝኑት ጀመር።

በዚያው ዘመን ከደብረ ገነት ደጃፍ በሚያልፈው፣ የኢትዮጵያ ጎዳና ተብሎ በሚጠራው መንገድ፣ የዕብራይስጥን ቋንቋ ለዕለት ንግግር ያስነሣው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ይኖር ነበር፤ የዕብራይስጡንም ታላቅ መዝገበ ቃላት በዚያ ይሠራ ነበር። እርሱም ሥራውን ሳይፈጽም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1922 ሞተ፤ ሚስቱና ልጁ ከሌሎች ሊቃውንት ጋራ ቀጥለውት የመጨረሻው ክፍል በ1959 ወጣ። በአንዲት ጠባብ ጎዳና ግራና ቀኝ ሁለት ጥንታውያን ቋንቋዎች በመዝገብ ሲሰበሰቡ ሁለቱም የጀመራቸውን ሰው ዕድሜ አለፉ። መዝገበ ቃላት የአንድ ሰው ዕድሜ የማይበቃው ሥራ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

በ1900 ዓ. ም. ገደማ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ በኢየሩሳሌም ዐረፉ። መዝገበ ቃላቱ አልተፈጸመም ነበር። ደክመው የሰበሰቡትን ጽሑፍ ለደቀ መዝሙራቸው ትተው፣ እንዲፈጽመውም አደራ ብለው አለፉ። በሀገራችን የሟች አደራ ምን ያህል እንደሚከብድ ማንም ያውቃል፤ ገንዘብ ቢሆን ይመለሳል፤ ልጅ ቢሆን ያድግና ራሱን ይችላል። ያልተፈጸመ መጽሐፍ ግን ተቀባዩ ሙሉ ዕድሜውን ካልሰጠው በቀር የማይመለስ አደራ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ አደራውን ተቀበሉ።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስጨንቅ ነገር ነበር። የመምህርን ሥራ እንዳለ ገልብጦ ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ ለስምም አያሳማም። ነገር ግን ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ ሞት በኋላ በቋንቋዎቹ ጥናት እየበረታ ሲሄድ ጽሑፉ መታረምና መስፋፋት፣ ከሥሩም እንደ ገና መደራጀት እንደሚያሻው ተረዳ። መምህርን ማረም ድፍረት ይመስላል፤ አለማረም ደግሞ ለእውነት ሳይሆን ለወረቀቱ መታመን ይሆናል። አለቃ ኪዳነ ወልድ የመረጡት ሁለተኛውን ጭንቀት የሚያስወግደውን፣ የበለጠ ድካም ያለበትን መንገድ ነው። ሥራውን ከመሠረቱ አንሥተው ሰፋ አድርገው ሠሩት፤ የጀማሪውን ስም ግን ከመጽሐፉ አላጠፉም። ዛሬ መጽሐፉን የሚገልጥ ሁሉ ሥራው ከመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ እንደ ተነሣ ያገኛል።

የመጽሐፉን አሠራር ጥቂት መመልከት የሠሪውን ጠባይ ያስረዳል። አስቀድሞ ሰዋስው፣ ማለት የቋንቋው አገባብና ርባታ ይገኛል። ቀጥሎ ግሱ ከነዘሩ በየሥሩ ይሰበሰባል። ቀደሰ ከሚለው ግስ በታች ቅዱስ፣ ቅዳሴ፣ ቅድስና፣ መቅደስ እንደ አንድ ቤተ ሰብ በአንድ ቤት ይቀመጣሉ እንጂ በየፊደላቸው አይበተኑም። አንባቢው አንዱን ቃል ፈልጎ ሲሄድ ዘመዶቹን ሁሉ አግኝቶ ይመለሳል። ከዚያም ቃሉ በዕብራይስጥ ወይም በሱርስት ወይም በዐረብኛ ዘመድ ካለው ይጠቀሳል፤ ፍችው በአማርኛ ይሰጣል፤ አማርኛውም ራሱ ከግእዝ የወረሰውን እንዲያሳይ ሆኖ ይጻፋል።

በፊደል አጻጻፍ ረገድ አለቃ ኪዳነ ወልድ ቸልታን የማይወዱ ሰው ነበሩ። ዛሬ በአማርኛ ንግግር አንድ ድምፅ የሆኑት ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በግእዝ የተለያየ ሥርና የተለያየ ምሥጢር አላቸው። ሠዐለ ሲል ሥዕል ሣለ ማለት ነው፤ ሰአለ ሲል ግን ለመነ ማለት ነው። ሠረቀ ለፀሐይ መውጣት ነው፤ ሰረቀ ግን የሌባ ሥራ ነው። ዓመት የዘመን ቍጥር ነው፤ አመት ግን ገረድ ናት። ኀለየ አሰበ ማለት ስለሆነ ኅሊና ከእርሱ ይወጣል፤ ሐለየ ደግሞ ዘመረ ማለት ስለሆነ ማሕሌት ከእርሱ ይወለዳል። ጸሓፊው ፊደሉን በዘፈቀደ ቢለውጥ ለማኙን ሠዓሊ፣ ገረዲቱንም ዘመን ያደርጋታል። ይህ ጥቃቅን ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር ንባቡ ከተበላሸ ምሥጢሩ እንደሚበላሽ፣ ምሥጢሩም ከተበላሸ ትምህርተ ሃይማኖቱ ራሱ እንደሚናጋ ያስተውል። አለቃ ኪዳነ ወልድ የአንዲት ፊደል ጠባቂ የሆኑት ስለዚህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ አንባቢን የሚያስደንቀው የፊደሉ ተራ ነው። መጽሐፉ የሚሄደው ሕፃናት በሚማሩት በሀለሐመ ተራ ሳይሆን በአበገደ ተራ ነው። ይህ ተራ ከዕብራይስጡ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል ጋራ የሚስማማ ነው። ዳዊት የሚደግም ካህን ሁሉ 118ኛው መዝሙር በእነዚህ የፊደላት ስሞች እንደ ተከፋፈለ ስለሚያውቅ ተራው ለቤተ ክርስቲያን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። አለቃ ኪዳነ ወልድ አበገደ ቀዳሚው ሥርዐት እንደሆነ ያምኑ ስለነበር ቀዳሚውን ወደ ቦታው ለመመለስ ጣሩ። በዚህም ምክንያት በሀለሐመ ያደገ ተማሪ መጽሐፉን መጀመሪያ ሲገልጥ መንገድ እንደ ጠፋበት እንግዳ ይደናገራል። ብዙዎች ስለዚህ ነገር አጕረምርመዋል።

ኋላ የተገኘው ዕውቀት ይህን ክርክር በሌላ ብርሃን አሳይቶታል። በደቡብ ዐረብ የሚገኙት ጥንታውያን የድንጋይ ጽሑፎች ሀለሐመም የራሱ የረዥም ዘመን ሥር ያለው ተራ መሆኑን መስክረዋል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1933፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ በሕይወት ሳሉ፣ ታቦተ ጽዮን ከፍልስጥኤማውያን ሀገር ስትመለስ በደረሰችባት፣ ከኢየሩሳሌም በስተ ምዕራብ በምትገኘው በቤትሳሚስ አንዲት የሸክላ ጽላት ከመሬት ተቈፍራ ወጣች። ጽላቲቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው ምዕት ገደማ የተጻፈች ናት ይባላል። ብዙ ዘመን ሳትታወቅ ቈይታ በ1987 የተጻፈባት የፊደል ተራ ሀለሐመ መሆኑ ተገለጠ። እንግዲህ ሁለቱም ተራዎች ጥንታውያን ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ምድር ጐን ለጐን ኖረዋል። አለቃው አበገደን ጥንታዊ ማለታቸው ልክ ነው፤ ሀለሐመን ግን ተከታይ አድርጎ ማየት አያስፈልግም። የሊቅን ስሕተት ማወቅ ክብሩን አይቀንስም።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ኢየሩሳሌም ተጨነቀች። የባሕሩ መንገድ ተዘጋ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1915 አንበጣ ወርዶ አዝመራውን በላው፤ ረኃብና ተስቦም ተከተለ። በ1917 በታኅሣሥ ወር የእንግሊዝ ጦር ከተማዪቱን ሲይዝ ብዙ ሰው አልቆ ነበር። ከዚህ በኋላ በ1910ዎቹ መጀመሪያ፣ በሀገራችን አቈጣጠር፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ በአልጋ ወራሹ በተፈሪ መኰንን ጥሪ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። አልጋ ወራሹ መጻሕፍት በማሳተም የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ለማስፋፋት ያስቡ ስለነበር እንዲህ ያለ ሊቅ ያስፈልጋቸው ነበር።

ተመልሰውም የመጀመሪያውን ታላቅ ፍሬ ያሳዩት በትንቢተ ሕዝቅኤል ነው። የሕዝቅኤል ትርጓሜ እንደ ሌሎቹ ብሉያት ከአፍ ወደ አፍ ሳይቋረጥ የወረደ አልነበረም። መጽሐፉም ራሱ ከባድ ነው። መጀመሪያው ኪሩቤል የሚሸከሙት ሠረገላ ራእይ ሲሆን መጨረሻው የመቅደሱ ልክና ስፍር ነው። ቅዱስ ሄሮኒሞስ እንደ ጻፈው አይሁድ ዕድሜው ሠላሳ ያልሞላው ሰው የዚህን መጽሐፍ መጀመሪያና መጨረሻ እንዳያነብ ይከለክሉ ነበር። አለቃ ኪዳነ ወልድ የዕብራይስጡን ቃል ከግእዙ እያስተያዩ፣ በኢየሩሳሌም የኖረ ሰው ስለ መቅደሱ ስፍራ ሊኖረው የሚችለውን ዕውቀትም ይዘው፣ ትርጓሜውን በአንድምታ ሥርዐት አዘጋጁት። በ1916 ዓ. ም. ታትሞ ወጣ። በትርጓሜ ቤት የተከፈተው ክፍተት በዚህ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ ሕዝቅኤልን የሚማር ሁሉ የእርሳቸውን መጽሐፍ ይዞ ይማራል።

ሕዝቅኤል በታተመ ጊዜ አለቃ ኪዳነ ወልድ በሊቃውንት ዘንድ ስማቸው የታወቀ ነበር። የራሳቸውን ሌላ ድርሰት እየጻፉ በቶሎ እያሳተሙ ስማቸውን ማስፋት ይችሉ ነበር። ዋናው ሐሳባቸው ግን ከአደራው መጽሐፍ አልተለየም። ቃል ሲጨምሩ፣ ሲያርሙ፣ ሲያመዛዝኑ ዘመኑ አለፈ። መዝገበ ቃላት ከሌላው ድርሰት የሚለይበት ይህ ነው፤ ድርሰት ሐሳቡ ሲያልቅ ያልቃል፤ መዝገበ ቃላት ግን አንድ ብራና በተገለጠ ቍጥር እንደ ገና ይከፈታል።

ይህም ሁሉ ሲሆን ሌላ መከራ መጣ። በ1928 ዓ. ም. የፋሽስት ኢጣልያ ጦር ሀገሪቱን ወረረ። በ1929 ዓ. ም. በግንቦት ወር በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኰሳትና ዲያቆናት በጥይት ተፈጁ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ መጻሕፍት ተዘረፉ፤ በቃል የያዙትን ሳያስተላልፉ የተገደሉ ሊቃውንት ቍጥራቸው ብዙ ነው። በ1830 ዓ. ም. በኢየሩሳሌም በመጻሕፍት ላይ የደረሰው ጥፋት በመቶ ዓመቱ በሀገር ቤት በሰውም በመጽሐፍም ላይ ተደገመ ማለት ይቻላል። የመዝገበ ቃላቱ ጽሑፍ ገና በእጅ የተጻፈ ነበር፤ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ የሁለት ሊቃውንት ዕድሜ አብሮ በጠፋ ነበር። እግዚአብሔር ጠብቆት ከዚያ ዘመን ተረፈ።

አለቃ ኪዳነ ወልድም ሀገራቸው ነጻ ከወጣች በኋላ በ1936 ዓ. ም. ዐረፉ። መጽሐፉን ታትሞ አላዩትም። መምህራቸው እንዳደረጉት እርሳቸውም አደራውን ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አስተላለፉ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ካረፉ ሠላሳ ስድስት ዓመት ያህል ሆኖ ነበር፤ አደራውም ከሁለተኛ እጅ ወደ ሦስተኛ እጅ ገባ።

አለቃ ደስታም የተቀበሉትን አላስቀሩም። በ1948 ዓ. ም. መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ በአዲስ አበባ ታትሞ ወጣ። 908 ገጽ ያለው ታላቅ መጽሐፍ ነው። በኢየሩሳሌም ከተጀመረበት ዘመን አንሥቶ እስከ ታተመበት ቀን ድረስ ሦስት ትውልድ ደክሞበታል፤ አንዱ ጀመረ፣ ሁለተኛው ፈጸመ፣ ሦስተኛው ለብርሃን አበቃ። አለቃ ደስታ ከዚህ በኋላ በመምህራቸው ዘዴ የአማርኛውንም ቋንቋ ሰብስበው በ1962 ዓ. ም. ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላትን አሳተሙ፤ የዚህ መጽሐፍ አርእስት ራሱ፣ ዐዲስ የሚለው ቃል በዐይኑ ዐ መጻፉ፣ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ትምህርት በደቀ መዝሙራቸው እጅ ሕያው ሆኖ መቀጠሉን ያሳያል።

ከታተመበት ጊዜ ጀምሮ መጽሐፉ በቅኔ ቤት፣ በትርጓሜ ቤት፣ በመንፈሳውያን ኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲዎች ሲያገለግል ኖሯል። ድንበር ተሻግሮም ቮልፍ ሌስላው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1987 ያሳተመው የግእዝ ማመዛዘኛ መዝገበ ቃላት የአለቃ ኪዳነ ወልድን ሥራ ከምንጮቹ አንዱ አድርጎታል። ቀድሞ ኢትዮጵያዊው ሊቅ የቃል ዕውቀቱን ለአውሮፓዊው ይነግርና ስሙ በመቅድም ይጠቀስ ነበር፤ አሁን ግን ኢትዮጵያዊው በራሱ ቋንቋ የጻፈው መጽሐፍ ራሱ ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል። በሮም የተጀመረው የመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ምኞት መልሱን ያገኘው እንዲህ ነው።

ዛሬ ወደ ደብረ ገነት የሚወጣ ተሳላሚ ክቡን ቤተ ክርስቲያን ያያል፤ ጫማውን አውልቆ ይሳለማል፤ ከደጁም ውጭ ባለው በኢትዮጵያ ጎዳና ይመለሳል። በዚህ ስፍራ መነኰሳቱ ጸሎታቸውን ሲያደርሱ ሌላ ጸሎት የሚመስል ድካምም በቃላት ላይ ሲደረግ እንደ ነበር ቢያስብ መልካም ነው። መጻሕፍቱ በእሳት የጠፉበት ማኅበር፣ ቃላት ሁሉ በየሥራቸው የሚሰበሰቡበት መዝገብ የተጀመረበት ማኅበር ሆነ። ይህንንም ያደረገው አንድ ባለ ጸጋ ወይም አንድ ትእዛዝ ሳይሆን መምህር ለደቀ መዝሙር፣ ደቀ መዝሙርም ለሌላው ደቀ መዝሙር ያስተላለፈው የታመነ አደራ ነው።

ስለዚህ ዛሬም በገዳማት የብራና መጻሕፍትን የሚጠብቁ፣ የሚገለብጡ፣ የሚመዘግቡ፣ በቃል ያለውንም በጽሑፍ የሚያሰፍሩ ሁሉ የዚህ አደራ ተረካቢዎች ናቸው። ሥራቸው በዕድሜያቸው ላይፈጸም ይችላል፤ ስማቸውም ላይነሣ ይችላል። ነገር ግን አለቃ ኪዳነ ወልድ ሳያዩት ያረፉት መጽሐፍ ስንት ሺህ ተማሪ እንዳየው የሚያስብ ሰው ተስፋ አይቈርጥም።

የመምህር ክፍለ ጊዮርጊስን፣ የአለቃ ኪዳነ ወልድን፣ የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድንም ነፍሳት እግዚአብሔር በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ ዕቅፍ ያኑርልን፤ በጎውን አደራ የሚጠብቁ ተተኪዎችንም አያሳጣን። አሜን።